ወደ ሰሜን ያዘነበለው ሊግ፦ የቤት ውስጥ ላክሮስ የ2024/25 የውድድር ዘመን ምን አሳየ?

ቡፋሎ ባንዲትስ በሜይ 2025 የካናዳውን ሳስካችዋን ራሽ በፍጻሜው 2 ለ 1 ረትቶ የናሽናል ላክሮስ ሊግን ዋንጫ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት አነሳ። በ2023 ኮሎራዶ ማሞዝን፣ በ2024 ኦልባኒ ፋየርዎልቭስን ያሸነፈ ክለብ ስለሆነ የስፖርት ጋዜጠኞች ስለ የበላይነቱ ብዙ ቢጽፉ አይገርምም። የዚያ የውድድር ዘመን ትልቁ ጉዳይ ግን የተከሰተው ከሜዳው ውጭ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2023/24 በሊጉ ከተወዳደሩት 15 ክለቦች አሥሩ በአሜሪካ፣ አምስቱ በካናዳ ነበሩ። ያ ዓመት ሲያበቃ በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ የነበረው ፓንተር ሲቲ ፈረሰ። ኒው ዮርክ ሪፕታይድ ደግሞ ከሎንግ አይላንድ ተነቅሎ ኦታዋ ገባና ብላክ ቤርስ ተባለ። 2024/25 ሲጠናቀቅ ተራው የኦልባኒ ፋየርዎልቭስ ሆነና ክለቡ በኦንታሪዮ ግዛት ወደምትገኘው ኦሻዋ ተዛወረ። በዚህ መንገድ 10 ለ 5 የነበረው የሁለቱ አገሮች ድርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ 7 ለ 7 ሆነ። ኦልባኒ ከመዛወሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ለፍጻሜ የደረሰ ክለብ መሆኑን ልብ ይሏል። በሜዳ ላይ ማሸነፍ ክለብን በከተማው አላቆየውም ማለት ነው።

በዴንቨር፣ በካልጋሪ፣ በቶሮንቶ አካባቢ፣ በኦታዋ፣ በላስ ቬጋስ ወይም በአትላንታ ዙሪያ የሚኖር አማርኛ አንባቢ እነዚህን ክለቦች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳያያቸው አልቀረም። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ሊጉ በምን እንደሚተዳደርና ለምን እንደሚናጋ ግን እምብዛም አይነገርም። ቡፋሎ ከ18 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ አሬና በጨዋታ በአማካይ ከ15 ሺህ በላይ ተመልካች ሲያስገባ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ አፍንጫ ሥር የነበረ ክለብ ለምን ጓዙን ይጠቀልላል? የዚህ ትንታኔ ጥያቄ ይህ ነው።

ጨዋታው ከየት መጣ

ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ በተበጀለት በትር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በእኛ የገና ጨዋታ ሩሩ በዱላ እየተመታ ይነዳል፤ በላክሮስ ግን ኳሱ መረቡ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፣ እየተሮጠ ይወሰዳል፣ በአየር ላይ ይቀባበሉታል። የሜዳው ላክሮስ በሣር ላይ በአሥር በአሥር ተጫዋች የሚካሄድ ሲሆን፣ የቤት ውስጡ በበረዶ ሆኪ አሬና ውስጥ፣ በረዶው ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎ፣ አምስት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ በየወገኑ ተሰልፈው ይጫወቱታል። ዙሪያው በሆኪው አጥር የታጠረ ስለሆነ ኳሱ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ እንደ ልብ ወደ ውጭ አይወጣም። ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መወርወር አለበት። ጨዋታው በ15 ደቂቃ አራት ክፍል ይከፈላል፤ አንድ ቡድን ከአሥር ግብ በላይ ማስቆጠሩም የተለመደ ነው። አጥቂዎች ኳስ ሲያጡ ወደ ተቀያሪ ወንበር ሮጠው ይወጣሉ፣ ተከላካዮች ይገባሉ፤ ይህ መለዋወጥ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። መጋፋትና በትር በበትር መደባደብ የጨዋታው አካል ስለሆነ የቅጣት ደቂቃ እንደ ሆኪው ብዙ ነው።

የጨዋታው ባለቤቶች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በዛሬው የኒው ዮርክ ግዛትና በደቡብ ኦንታሪዮ የሚኖሩት የሆዴኖሾኒ ሕዝቦች ናቸው፤ በሰፊው የሚታወቁት ኢሮኮይ በሚለው ስም ነው። ለእነሱ ላክሮስ ፈጣሪ የሰጣቸው፣ ለሕሙማን ፈውስ የሚጫወቱት ሥርዓት ነው። የሞንትሪያሉ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ጆርጅ ቢርስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሕጉን ጽፎ የከተማ ክለቦች ስፖርት አደረገው። በ1880 የካናዳ ላክሮስ ማኅበር ነባር ሕዝቦችን «ፕሮፌሽናል ናቸው» በሚል ሰበብ ከውድድሩ አገዳቸው። ባለቤቱን ከገዛ ጨዋታው ያስወጣው ይህ ውሳኔ ያቆሰለው ቁስል ዛሬም አልጠገገም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የቤት ውስጡ ዓይነት የተወለደው ግን ከንግድ ስሌት ነው። በ1931 የሞንትሪያል ካናዲየንስ ሆኪ ክለብ ባለቤቶች የነበሩት ጆሴፍ ካታሪኒችና ሊዮ ዳንዱራንድ፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተሽመደመደበት ዘመን፣ ሆኪ በሌለበት በሞቃቱ ወራት ባዶውን የሚውለውን አሬና በምን እንሙላው ብለው ላክሮስን ከሣሩ ሜዳ ወደ ውስጥ አስገቡት። ሊጋቸው ብዙም ሳይቆይ ከሰመ፤ የጨዋታው ዓይነት ግን ካናዳን ወረሰ። ዛሬ ላክሮስ በ1994 በወጣ ሕግ የካናዳ የበጋ ብሔራዊ ስፖርት ነው፣ ሆኪ ደግሞ የቅዝቃዜው ወቅት። ባዶ አሬና ያስከተለው ጭንቀት የወለደው ጨዋታ መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶም የሊጉ ኢኮኖሚ የሚሽከረከረው በዚያው ነጥብ ላይ ነው።

አሬናው የማን ነው?

ሊጉ የጀመረው በ1987 ሲሆን ያኔ ስሙ ኢግል ፕሮ ቦክስ ላክሮስ ሊግ ይባል ነበር። ፊላደልፊያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ዋሽንግተንና ባልቲሞር ተወከሉበት፤ አራቱም አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ያሉ፣ የሜዳው ላክሮስ በትምህርት ቤቶች የተስፋፋባቸው ከተሞች ናቸው። ክለቦቹ ሁሉ የሊጉ ንብረት ነበሩ። የአሁኑን ስሙን ይዞ የካናዳ ክለብ ያስገባው በ1998 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡና የሄዱ ክለቦች ዝርዝር ረጅም ነው፤ ሲራኪዩስ፣ ፒትስበርግ፣ ኮሎምበስ፣ አናሃይም፣ ቺካጎ፣ ፖርትላንድ፣ ቦስተን፣ ኦርላንዶ ሁሉም ሞክረውት አልሆነላቸውም።

አንድ ክለብ በመደበኛው ውድድር 18 ጨዋታ ያደርጋል፤ ዘጠኙ ብቻ በሜዳው ናቸው። ውድድሩ ከኖቬምበር ማብቂያ ወይም ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል የሚቆይ ሲሆን ጨዋታዎቹ በአመዛኙ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ይውላሉ። የሊጉ ዋና ገቢ ትኬት ነው፤ ስለዚህ ክለቡ የዓመት ወጪውን በዘጠኝ ምሽት መሸፈን አለበት። አሬናውን የተከራየ ክለብ ኪራይ ይከፍላል፣ ሣሩን ለማንጠፍና ለማንሳት ይከፍላል፣ ለጥበቃና ለመብራት ይከፍላል። ተመልካቹ ለቢራና ለምግብ የሚያወጣውን፣ ለመኪና ማቆሚያ የሚከፍለውን፣ የልዩ ክፍሎችን ኪራይና የግድግዳ ማስታወቂያውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው አሬናውን የያዘው ወገን ነው። ቀኑን የሚመርጠውም እሱ ነው፤ ኮንሰርት ከመጣ ላክሮሱ ወደ መጥፎ ቀን ይገፋል።

አሬናውን የያዘው የክለቡ ባለቤት ሲሆን ይህ ሂሳብ ይገለበጣል። ቡፋሎ ባንዲትስ ከሆኪው ቡፋሎ ሴበርስ ጋር የቴሪ ፔጉላ ነው። ካልጋሪ ራፍኔክስ ከካልጋሪ ፍሌምስ፣ ቫንኩቨር ዋሪየርስ ከቫንኩቨር ካናክስ ጋር በአንድ ድርጅት ሥር ናቸው። ፊላደልፊያ ዊንግስ የኮምካስት ስፔክታኮር ነው። ለእነዚህ ድርጅቶች ላክሮስ በራሱ ትርፍ ባያመጣ እንኳ ባዶ የሚያድረውን ምሽት ይሞላል፤ ትኬት ሻጩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ የማስታወቂያ ክፍሉ አስቀድሞ ደመወዝተኛ ስለሆነ ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነው የኮሎራዶ ታሪክ ነው። በ1987 የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ባልቲሞር ተንደር በከተማው ሊቆም ስላልቻለ በ2000 ፒትስበርግ ሄደ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ገባ፣ በ2003 ዴንቨር ደረሰና ኮሎራዶ ማሞዝ ሆነ። ባልቲሞር በሜዳ ላክሮስ ፍቅሯ የታወቀች ከተማ ናት፤ ዴንቨር ደግሞ በዚያን ጊዜ ለጨዋታው እንግዳ ነበረች። ሆኖም ክለቡ በዴንቨር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በ2006 እና በ2022 ዋንጫም አምጥቷል። ምክንያቱ ባለቤቱ የክሮንኬ ድርጅት የዴንቨር ናጌትስና የኮሎራዶ አቫላንች፣ የአሬናውም ባለቤት መሆኑ ነው።

ሌላ የተሳሳተ ግምትም እዚህ ይፈተሻል። «ላክሮስ የሚጫወት ልጅ የበዛበት ከተማ ትኬት ይገዛል» የሚለው ሐሳብ የሊጉን ባለሀብቶች ደጋግሞ አሳስቷል። ሎንግ አይላንድ በሜዳ ላክሮስ ከአሜሪካ ቀዳሚ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ሪፕታይድ ግን በናሶ ኮሊሲየም አልቆመም። ልጁን ቅዳሜ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው የሚያመላልስ ወላጅ ለዚያው ምሽት ሌላ ጉልበትና ገንዘብ የለውም። የሜዳውን ጨዋታ ያደነቀ ሰው የአጥር ውስጡን ግፊያ እንደ ራሱ ጨዋታ አይቆጥረውም።

ይህ ማለት አሬና ያለው ሁሉ ይድናል፣ የሌለው ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ሳስካችዋን ራሽ በ2015 በኤድመንተን ዋንጫ ካነሳ በኋላ፣ ከ300 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ወዳላት ሳስካቱን ሄዶ፣ በኪራይ አሬና፣ የከተማዋ የመጀመሪያ ተርታ ፕሮፌሽናል ቡድን ሆኖ አዳራሹን ሞላው። ሃሊፋክስም በሕዝብ አሬና ውስጥ ነው የሚጫወተው። እነዚህ ከተሞች ሌላ ትልቅ ክለብ የላቸውም፤ የሚያውቁትንና የእኔ የሚሉትን ቡድን አገኙ። ሳን ዲዬጎ ሲልስ ደግሞ በኪራይ ቢኖርም ባለቤቱ የአሊባባ ተባባሪ መሥራች ጆ ሳይ ናቸው፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ ላክሮስ የተጫወቱ፣ ኪሳራን ለዓመታት መሸከም የሚችሉ ሰው። ስለዚህ የሚያቆሙ ምሰሶዎች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ የአሬና ባለቤትነት፣ ሌላ ተፎካካሪ የሌለበት ማኅበረሰብ፣ ወይም ትዕግሥተኛ ባለሀብት። ሪፕታይድ፣ ፓንተር ሲቲና ኦልባኒ አንዱንም አጥብቀው አልያዙም ነበር።

የኦልባኒው የትውልድ ሐረግ ይህን ያጎላል። ክለቡ በ1987 ፊላደልፊያ ዊንግስ ሆኖ ተመሠረተ፣ በ2014 ወደ ኮኔቲከት ሄዶ ኒው ኢንግላንድ ብላክ ዎልቭስ ተባለ፣ በ2021 ኦልባኒ ገባ፣ አሁን ኦሻዋ ነው። በየደረሰበት ደጋፊውን ከዜሮ ማሰባሰብ ነበረበት። የትኬት ክለብ ዋናው ሀብት ልማድ ነው፤ ሰው በየዓመቱ ያችኑ ወንበር ይዞ ከለመዳቸው ጎረቤቶች ጋር መገናኘቱ። ዝውውር ያንን ሀብት ያቃጥለዋል።

የቅዳሜና እሁድ ባለሙያ

የተጫዋቾቹ ኑሮ ሌላው የሊጉ ማሽን ነው። ስሙ ፕሮፌሽናል ይሁን እንጂ ለአብዛኞቹ ተጫዋቾች ላክሮስ ብቻውን ቤተሰብ አያስተዳድርላቸውም። መምህራን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የግንባታ ባለሙያዎች ናቸው። ዓርብ ከሥራ ወጥተው አውሮፕላን ይሳፈራሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገበታ ላይ ይገኛሉ። በሊጉ ታሪክ ብዙ ነጥብ ያስመዘገበው ጆን ታቫሬስ ለ24 የውድድር ዘመናት ለቡፋሎ ሲጫወት በሙያው የሒሳብ መምህር ነበር። ቡፋሎን በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ለዋንጫ ያበቃው አሰልጣኝም እሱው ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ግቡን የጠበቀው ማት ቪንክም መምህር ነው።

ይህ ሲታይ የሚያስቆጭ ነው፤ የ18 ሺህ ሰው ጩኸት የሚያስነሳ ተጫዋች ሰኞ በሌላ ደመወዝ መኖሩ ፍትሕ አይመስልም። ነገር ግን መፍትሔው «ክፈሏቸው» በማለት ብቻ አይመጣም። የሙሉ ጊዜ ደመወዝ ለመክፈል የጨዋታው ቁጥር መብዛት አለበት፤ ጨዋታው ከበዛ በሳምንቱ መካከል መጫወት ግድ ይሆናል፤ ያኔ መምህሩ ከክፍሉ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከፈረቃው ጋር ይጋጫል። ጡረታና የጤና መድን ያለው ቋሚ ሥራውን ትቶ ነገ ሊፈርስ ለሚችል ክለብ የሚፈርም ሰው ጥቂት ነው። ፓንተር ሲቲ ሲዘጋ ያዩት ተጫዋቾች ይህን ስሌት በደንብ ያውቁታል። አሁን ያለው የ18 ጨዋታ ወሰን በሁለቱ መካከል የተገኘ ስምምነት ነው፤ ሊጉ ከዚያ ማለፍ ቢፈልግ መጀመሪያ ዋስትና መስጠት ይኖርበታል።

የሠራተኛና የአሠሪ ግጭቱም ከዚህ ይነሳል። የተጫዋቾቹ ማኅበርና ሊጉ በ2007 ሳይስማሙ ቀርተው የ2008ቱ ውድድር ተሰርዟል ተብሎ በኦክቶበር ከታወጀ በኋላ፣ በዚያው ወር ስምምነት ተደርሶ ተመለሰ፤ አሪዞናና ቦስተን ግን በዚያ ዓመት አልተወዳደሩም። በ2018ም የድርድሩ መጓተት የውድድሩን መክፈቻ አዘገየው። እንዲህ ያለ ግጭት ይበልጥ የሚጎዳው ሥሩ ያልጠለቀ ክለብ ያላቸውን ከተሞች ነው።

ጂኦግራፊው በሜዳ ላይ ውጤትን እንዴት እንደሚወስን ከዚህ ይገባናል። ከሊጉ ተጫዋቾች ብዙዎቹ የሚኖሩት በደቡብ ኦንታሪዮና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። ለቡፋሎ የሚጫወት የኦንታሪዮ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መኪና ነድቶ ልምምድ ይደርሳል፤ ለሳን ዲዬጎ የሚጫወተው አህጉሩን በአውሮፕላን ያቋርጣል። ልምምድ ባነሰበት ሊግ አብሮ የመለማመድ ዕድል ያለው ቡድን ብልጫ አለው፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ለቤታቸው የቀረበውን ክለብ ይመርጣሉ። በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ግብ ጠባቂ ክሪስቲያን ዴል ቢያንኮ በ2024/25 መካከል ከካልጋሪ ወደ ቫንኩቨር ተዛውሯል፤ ያደገባት ኮኪትላም የቫንኩቨር ጎረቤት ናት። የቡፋሎ ሦስት ዋንጫ በአጥቂዎቹ በዴን ስሚዝና በጆሽ ባይርን ችሎታ፣ በታቫሬስ ብልሃት የመጣ ቢሆንም፣ ከሥሩ ይህ የመልክዓ ምድር ዕድል አለ። ሊጉ የእኩልነት ደንብ ቢያበዛ እንኳ የመንገዱን ርቀት እኩል ማድረግ አይችልም።

የመስፋፋት ገንዘብ

በ2017/18 ሊጉ ዘጠኝ ክለብ ብቻ ነበረው። በኮሚሽነር ኒክ ሳኪዊች ዘመን የተያዘው ዕቅድ ፈጣን መስፋፋት ነበር። ሳን ዲዬጎና አዲሱ ፊላደልፊያ ገቡ፤ ሮቸስተርና ኒው ዮርክ ተከተሉ፤ ከዚያ ፎርት ዎርዝ፤ በ2022/23 ደግሞ ላስ ቬጋስ፣ ዌይን ግሬትስኪን፣ ስቲቭ ናሽን፣ ደስቲን ጆንሰንንና ጆ ሳይን በባለቤትነት ይዞ። በአምስት ዓመት ከዘጠኝ ወደ 15 መድረስ ለትንሽ ሊግ ከባድ ዝላይ ነው።

ለምን ተቻኮሉ? አዲስ ባለቤት ለመግባት ክፍያ ይከፍላል፤ በ2017 የሳን ዲዬጎና የፊላደልፊያ ክፍያ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ተነግሯል። የመግቢያ ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ለነባር ባለቤቶች የክለባቸውን ዋጋ በወረቀት ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ለቴሌቪዥንም «በትልልቅ ከተሞች አለን» ብሎ ለመደራደር ይረዳል። በእርግጥም በ2021 ከአሜሪካው ኢኤስፒኤንና ከካናዳው ቲኤስኤን ጋር የስርጭት ስምምነት ተፈርሟል። መዘዙ ግን ክፍያው ሲቆም ገቢው መቆሙ ነው፤ የሚቀረው በየዓመቱ ትኬት መሸጥ ነው። ያም ሲሆን የኮቪድ ወረርሽኝ በማርች 2020 ውድድሩን አቋረጠ፣ የ2020/21 ዘመን ጭራሽ አልተካሄደም። ሪፕታይድ የመጀመሪያ ዓመቱን እንኳ ሳይጨርስ ነው አሬናው የተዘጋበት። ልማድ ሊተከል በሚገባው ጊዜ ከዓመት ተኩል በላይ ተዘለለ፤ ለቡፋሎ ይህ እረፍት ነበር፣ ለኒው ዮርክ ግን የደም መፍሰስ።

በ2022 ኮሚሽነር የሆነው ብሬት ፍሩድ የወረሰው ይህንን ነው። በ2023/24 ምድቦቹ ቀርተው ክለቦች ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ መደርደራቸው፣ ስምንቱ ብቻ ወደ ጥሎ ማለፉ ማለፋቸው የፉክክሩን ክብደት ጨምሮታል። ላስ ቬጋስም በ2024/25 ከትልቁ የሆቴል አሬና ወጥቶ በሄንደርሰን ወዳለ አነስተኛ አሬና ገብቷል። ውሳኔው በጎ ይመስለኛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ትልቅ አዳራሽ ጢም ያለ ትንሽ አዳራሽ ይሻላል፣ ድምፁም ለቀጣዩ ሳምንት ትኬት ይሸጣል።

ባለቤቶቹና ባንዲራቸው

ወደ ሰሜን የመመለሱ ሂደት ሊጉን ወደ ሆዴኖሾኒ ምድርም ያቀርበዋል። ቡፋሎ፣ ሮቸስተር፣ ሃሚልተን፣ ኦሻዋ ሁሉም በዚያ ዙሪያ ናቸው። ሃሊፋክስ ተንደርበርድስን የያዘው ከርት ስታይርስ በግራንድ ሪቨር የሚገኘው የስድስቱ የሆዴኖሾኒ ነገዶች መንደር ተወላጅ ነው። ከስድስቱ ነገዶች አንዱ ከሆነው ከኦኖንዳጋ የመጡት ቶምሰን ወንድማማቾች፣ በተለይ ላይል፣ በ2017 ጆርጂያ ስዎርምን ለዋንጫ ሲያበቁ የጨዋታውን ጥንታዊ ክህሎት ለአዲስ ተመልካች አሳይተዋል።

የሆዴኖሾኒ ብሔራዊ ቡድን ከ2003 እስከ 2019 በተካሄዱት አምስት የቤት ውስጥ ላክሮስ የዓለም ሻምፒዮናዎች ሁሉ ከካናዳ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል። በ2010 ግን ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ፓስፖርት በመያዛቸው ወደ እንግሊዝ መግባት ተከልክለው የሜዳው የዓለም ዋንጫ አምልጧቸዋል። አሁን ጥያቄው ወደ ኦሎምፒክ ተሻግሯል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በኦክቶበር 2023 ሙምባይ ላይ ላክሮስን ለሎስ አንጀለስ 2028 ሲያጸድቅ፣ በራሳቸው ባንዲራ ለመሳተፍ የብሔራዊ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልነት ያስፈልጋል የሚለው ደንብ ከፊታቸው ቆመ። የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በዲሴምበር 2023 ጥያቄያቸውን ደግፈዋል፤ ደንቡ ግን እንዳለ ነው። ለ1880ው እገዳ ካሣ የሚሆን አጋጣሚ ቢኖር ይህ ነበር። ናሽናል ላክሮስ ሊግ በኦሎምፒክ ደንብ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ግን ስሙና ተጫዋቾቹ ከጨዋታው ባለቤቶች ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው ከዳር ቆሞ መመልከት አያምርበትም።

ሦስት አቅጣጫዎች

የመጀመሪያው አቅጣጫ ሊጉ በ14 አካባቢ ረግቶ፣ ምሰሶ ያላቸውን ክለቦች ማጠናከር ነው። ይበልጥ ሊሆን የሚችለው ይህ ይመስለኛል፤ የሁለቱ ዓመታት እርምጃዎችም ወደዚያ ይጠቁማሉ። ጥቅሙ የጉዞ ወጪ መቀነስና የተጫዋቾች ኑሮ መቅለል ነው። አደጋው ደግሞ መጨናነቅ ነው። ቶሮንቶ ሮክ በሃሚልተን፣ ፋየርዎልቭስ በኦሻዋ፣ ብላክ ቤርስ በኦታዋ፣ ቡፋሎና ሮቸስተር ከድንበሩ ማዶ ሲሆኑ አምስት ክለቦች በኦንታሪዮና በአጎራባቹ የኒው ዮርክ ግዛት ተሰበሰቡ። ኦታዋ ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች፤ ሬበል የተባለው ክለቧ ከ2001 እስከ 2003 ብቻ ቆይቶ ሄዷል። በካናዳ መሆን ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ሁለተኛው ከፕሪሚየር ላክሮስ ሊግ ጋር መቀራረብ ነው። ፖልና ማይክ ራቢል የመሠረቱት ይህ የሜዳ ሊግ ከ2019 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ይካሄዳል፤ በ2025 ኢኤስፒኤን የባለቤትነት ድርሻ ገዝቶበታል፣ በዚያው ዓመት የሴቶች ሊግም ጀምሯል። ብዙ ተጫዋቾች በሁለቱም ሊግ ይሰለፋሉ። ሁለቱ ደመወዞች ቢደመሩና የጤና መድኑ ዓመቱን ሙሉ ቢሸፍን፣ ላክሮስ ብቻውን የሚያኖር ሙያ ለመሆን የቀረበው መንገድ ይህ ነው። እንቅፋቱ ግን ቀላል አይደለም። የሜዳው ሊግ ማእከላዊ ባለቤትነት ያለውና ከቴሌቪዥን ጋር የተጣመረ ሲሆን የቤት ውስጡ የየከተማው ባለሀብቶች ኅብረት ነው። አንዱ ለስክሪን፣ ሌላው ለወንበር ይሠራል፤ ትርፉንና ኪሳራውን በምን ቀመር እንደሚካፈሉት ለማስታረቅ ዓመታት ይፈጃል።

ሦስተኛው ከ2028 በኋላ የሚመጣ አዲስ የመስፋፋት ማዕበል ነው። በሎስ አንጀለስ የሚታየው ስድስት በስድስት የሚጫወቱት አጭር ዓይነት ነው፤ 30 ሰከንዱ፣ ፈጣን ቅብብሉ፣ ሁሉም ማጥቃትና መከላከል የሚኖርበት መሆኑ ለቤት ውስጥ ላክሮስ ልጆች ያደላል። በወንዶችም በሴቶችም ስድስት ስድስት ቡድን ብቻ ስለሚገባ የዓለም ትኩረቱ አጭር ቢሆንም ጠንካራ ይሆናል። ያኔ ሊጉን የሚፈትነው በሩን የሚያንኳኳ ባለገንዘብ መብዛቱ ነው። የ2017ቱ ዓይነት ክፍያ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «አሬናው የማን ነው? ከተማው ምን ሌላ ክለብ አለው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ካልቻለ ፎርት ዎርዝና ሎንግ አይላንድ በሌላ ስም ይደገማሉ።

ቅርቡ መፈተኛ ኦሻዋ ነው። አሬናው ስድስት ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ የወጣቶች ሆኪ ቡድን ቤት ነው። በአቅራቢያው ዊትቢና ብሩክሊን አሉ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ የካናዳን የአዋቂዎች ዋንጫ ማን ካፕን ደጋግማ የወሰደችው ፒተርቦሮ። የቤት ውስጥ ላክሮስ በየመንደሩ የሚጫወቱበት፣ አባት ከልጁ ጋር ስለ በትር አያያዝ የሚከራከርበት አገር ነው፤ ኦልባኒ ያልነበረው ምሰሶ እዚህ አለ። ስድስት ሺህ ወንበር ቢሞላ እንኳ ግን ከቡፋሎ ሲሶ ነው፤ የደመወዝ ጣሪያው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ተጫዋቾች ጭማሪ ሲጠይቁ ትልልቆቹ አሬናዎች እሺ የሚሉትን ትንንሾቹ ሊሸከሙት አይችሉም። ሊጉ በክለቦች መካከል የገቢ መጋራትን ካላሰፋ፣ ወደ ሥሩ የተመለሰው ክለብ ከሥሩ ላይ በወጪ ብዛት ሊነቀል ይችላል።